ጂም ልግባ ወይስ አልግባ፦ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የተካሄደ ጥናት

የሴቶች ብቻ ጂም ስለሚሰጠው ጥቅም የሚነግረን ሞልቷል። ለመግባት መወሰን ግን ከስፖርቱ የሚከብድ ሥራ ሆኖ ሳለ ተመራማሪ አጥቶ ቆይቷል። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ነው። በምርምር ሥነ ምግባር መሠረት የተጠኚዎቹ ስም ተደብቋል፤ ዋናዋ ወ/ሮ ሀ፣ የታች ቤት ጎረቤቷ ወ/ሮ ለ፣ ታናሽ እህቷ ሐ ተብለዋል። ማን ማን እንደሆነች ብሎኩ ሁሉ ያውቃል።

በቅድሚያ የሚወሰንበትን ነገር መበየን ያስፈልጋል። ሰርኪዩት የሚባለውን የስፖርት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1953 እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞርጋንና አዳምሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች አዘጋጁት። የመሥሪያ ቦታዎች በክብ ይደረደራሉ፤ አንዱ ላይ ጥቂት ተሠርቶ ብዙ ሳይታረፍ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ጋሪና ዳያን ሄቪን የተባሉ ባልና ሚስት ቴክሳስ፣ ሃርሊንገን ከተማ ላይ ክቡን ለሴቶች ብቻ አደረጉትና ከርቭስ አሉት። ወንድ የለም፣ መስታወት የለም፣ ሥራው በ30 ደቂቃ ያልቃል። ማሽኖቹ ብረት አይጫንባቸውም፤ በሃይድሮሊክ ነው የሚሠሩት። በኃይል የገፋቻቸውን በኃይል ይመክቷታል፣ ቀስ ያለችውን ቀስ ብለው ያስተናግዷታል። ወ/ሮ ሀ ይህ ሲነገራት «እንደ አማቴ ናቸዋ» ብላለች። አዲስ አበባ ውስጥ የተጠናው ጂም የዚሁ ዘር ነው፤ ወንድ አይገባበትም፣ መስታወቱ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ ነው።

ውሳኔውን የምትሰጠው የምትገባዋ ሴት ራሷ ናት የሚለው ግምታችን በመጀመሪያው ቡና ላይ ፈረሰ። አቦል ላይ ሐሳቡ ይቀርባል፣ ሁሉም ይደግፋል፤ «እሰይ፣ ለራስሽ ማሰብ ጀመርሽ» ይባላል። ቶና ላይ ተቃውሞ ይነሳል። እናት፣ «ልጄ፣ ከስተሽ ሰው ምን ይለኛል? ቸግሯት ነው አይሉም?» ብለዋል። ወ/ሮ ለ ደግሞ ስፖርት ጀምራ፣ ከዚያ አቁማ፣ እጥፍ ሆና የወፈረች አንዲት ሴት ታውቃለች። ጥናቱ ይህችን ሴት ለማነጋገር ብዙ ደክሞ አልተሳካለትም፤ የማትጠቀስበት ቡና ግን የለም። በረካ ላይ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ቡና ይቀጠራል። ባል ሲጠየቁ «እኔ ምን አገባኝ፣ ደስ ያለሽን አድርጊ» አሉ፤ ጥቂት ቆይተው «አሰልጣኙ ወንድ ነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ ሴት መሆኗ ሲነገራቸው ወደ እራት ሰዓት ጥያቄ ተሻገሩ።

ዋናው ግኝት ግን የቀን ጉዳይ ነው። ወ/ሮ ሀ አልገባም አላለችም፤ መቼ ነው ያለችው። ስለዚህ ዓመቱን ከመስከረም ጀምረን ፈተሽነው። መስከረም የልጆች ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ነው፤ 17 ላይ መስቀል አለ። ጥቅምት ክፍት ይመስላል። ይሁንና ብርዱ አለ፣ «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚል አባባልም አለ፤ በአጥንት ወር ክብደት መቀነስ ባህል መጋፋት ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ በጾም ጉልበት የለም። ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ በማግስቱ ጉልበት አለ፣ የተረፈ ዶሮም አለ። ጥር ጥምቀትና ሰርግ ነው። ለሰርጉ ቀሚስ ሲባል ከጥር በፊት መጀመር ነበረባት፣ ከጥር በፊት ግን ጾም ነበር። ከዚያ ዐቢይ ጾም፣ 55 ቀን። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችውን አሰልጣኝ ይከልክል? ከዚያ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5፣ ከዚያ ዝናብና ጭቃ፣ ከዚያ ነሐሴ 1 ፍልሰታ። አብራት ለመግባት ቃል የገባችው ወ/ሮ ለ ሙስሊም ስለሆነች ረመዳንም ይጨመራል፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ዘንድሮ የተሠራው ሠንጠረዥ ለከርሞ አያገለግልም።

ነጻ ሆና የተገኘችው ጳጉሜን ብቻ ናት። 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። ጂሙ የሚያስከፍለው ደግሞ በወር ነው። ጳጉሜን እንደ ወር ተቆጥራ ሙሉ ይከፈልባታል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእንግዳ ተቀባይዋ ቀርቦ «ሥራ አስኪያጇን ጠይቂ» የሚል መልስ ተሰጥቶበታል።

ሐ ይህን የቀን ሰበብ አልተቀበለችም። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ያሸነፈችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1992 ነው፤ በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 1984፣ ልክ ፍልሰታ የገባበት ዕለት። ከርቭስ በተከፈተበት ዓመት መሆኑ ነው፤ 25 ዙር፣ ያለ አንድ ማሽን። ማስረጃው ጠንካራ ነበር። የቡናው ኮሚቴ ግን የተረዳው በሌላ መንገድ ነው፦ እሷ ለሁላችንም ሮጣልናለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። የቤት ውስጥ ሥራም ይቆጠራል ይላል። ይህን ለወ/ሮ ሀ ማንበባችን ጥናቱን ጎድቶታል። ብሎኩ ሊፍት የለውም። ውሃ በጠፋ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን አራት ፎቅ ይወጣል፤ ውሃ ደግሞ በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ይጠፋል። «ታዲያ እኔ ለምን እከፍላለሁ? እነሱ ይክፈሉኝ እንጂ!» ጀሪካን ባንድ ጎን ብቻ ስለሚጎትት ወገብ እንደሚጎዳ ልናስረዳት ሞከርን። ሁለት ጀሪካን በሁለት እጇ ይዛ ወጥታ አሳየችን።

የገንዘቡ ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ በወር ከ70 ዶላር በላይ እየከፈሉ ጂም የተመዘገቡ ሰዎች በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ሲሄዱ ተገኝተዋል። አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ይወጣበታል፤ የ10 ጊዜ መግቢያ ቢገዙ ኖሮ በ10 ዶላር ይገቡ ነበር። ሰዎቹ ላለመሄድ ይከፍላሉ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ወ/ሮ ሀ ትበልጣቸዋለች፤ እሷ የማትሄደው በነጻ ነው።

ይህችው ሴት ግን እቁብ አሳልፋ አታውቅም። ጾም ሆነ ሰርግ፣ ጭቃ ሆነ ብርድ፣ የእቁቧ ብር በሰዓቱ ይደርሳል። ምክንያቱ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። እቁብ የቀረች ስልክ ይደወልላታል፣ ዳኛው ይቆጣል፣ ስሟ ይነሳል። ከጂም የቀረችን የሚፈልጋት የለም፤ እንዲያውም ለሌሎቹ ቦታ ይሰፋል። ጂሞች ከአሰልጣኝ በፊት አንድ ቁጡ የእቁብ ዳኛ ቢቀጥሩ ይህ ጥናት ባላስፈለገ ነበር።

ነገሩን የቆረጠውም እቁቡ ነው። ዕጣ ሲወጣላት ወ/ሮ ሀ ማንንም ሳታማክር ሄዳ የ6 ወር ከፈለች፤ ለ6 ወር ቅናሽ ነበረው። ኮሚቴው ሳይጠየቅ መወሰኑ ቅሬታ አስነስቶ አንድ ሙሉ ቡና ወሰደ። ቀጥሎ የጫማ ጉዳይ መጣ። መርካቶ ያለው ስኒከር አይረባም ተብሎ ሜሪላንድ ያለች የአክስቷ ልጅ እንድትልክ ተነገራት። ጫማው በሰው እጅ ደረሰ፤ ቁጥሩ 38 ነው፣ የወ/ሮ ሀ እግር 39 ነው። አሁን ልጇ ትምህርት ቤት ታደርገዋለች። ሌላ ታዟል፣ ለፋሲካ የሚመጣ ሰውም ተገኝቷል፤ የተከፈለበት 6 ወር የሚያልቀው ግን በሆሳዕና ሰሞን ነው።