«ኧረ እኔ አይገባኝም!»

ደቀ መዛሙርቱ «ከመካከላችን ትልቁ ማን ነው?» እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ ጌታ አንድ ሕፃን ጠርቶ መካከላቸው አቆመ። ታሪኩ ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ ተሰብኮልናል። ሰባኪዎቻችን ስለ ደቀ መዛሙርቱ ብዙ ይላሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሕፃኑ ነው። ሲጠራ መጣ። «ኧረ እኔ ማን ነኝና!» አላለም። «ከኔ የሚሻል ልጅ እዚያ ማዶ አለ» ብሎ ጓደኛውን አልጠቆመም። መጥቶ ቆመ፤ በቃ። ይህ ልጅ በኋላ የአንጾኪያ ጳጳስ የሆነው አግናጥዮስ ነው የሚል ትውፊት አለ። ቤተ ክርስቲያናችን «ምጥው ለአንበሳ» የምትለው፣ ሮም ላይ ለአንበሳ የተሰጠው ሰማዕት ማለት ነው። እንግዲህ ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ ሰውዬው ለሁለተኛ ጊዜም ሲጠሩት ሄደ።

ያ ጥያቄ እኛ ሰፈር ቢነሣ ክርክሩ ተገልብጦ ይመጣል። «ትልቁ እኔ ነኝ» የሚል አንድም ሰው አይገኝም፤ ነውር ነዋ! የምንሽቀዳደመው «ትንሹ እኔ ነኝ» ለማለት ነው። ሽቅድምድሙ ግን ያው ሽቅድምድም ነው። በማኅበራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ሁልጊዜ «እኔ ከሁላችሁ የማንሰው» ብሎ የሚጀምር ወንድም ነበረን። ነበረን የምለው ስለወጣ ነው። ጸሐፊያችን የመዋጮ ዝርዝር ስታወጣ ከስሙ ፊት «ኢንጂነር» የምትለዋን ረሳቻት።

የጽዋ ማኅበራችን የሚካኤል ነው፤ ወር በገባ በ12 እንሰበሰባለን። መቼም የኛን ቤት ትሕትና መጥቶ ያላየ ትሕትና አየሁ እንዳይል። ከበሩ አጠገብ አንዲት አንድ እግሯ የተነቃነቀ በርጩማ አለች። ላይኛው ሶፋ ባዶውን ተዘርግቶ ሳለ ጦርነቱ በዚህች በርጩማ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ወደ ላይ ይለፉ እንጂ!»

«እኔ እዚሁ ይበቃኛል፣ ልጄ።»

«በሚካኤል!»

«ሚካኤልን አትጥራብኝ! አልነሣም አልኩ!»

ጋሼ በርጩማዋን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፤ ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውን ይዘው ወደ ላይ ይስባሉ፤ በርጩማዋም አብራ ትነሣለች። ጌታ ለግብዣ ስትጠሩ ከዝቅተኛው ቦታ ተቀመጡ፣ ጠሪያችሁ ራሱ ከፍ ያደርጋችኋል ብሎ ማስተማሩን ሉቃስ ጽፎልናል። ይህን ትምህርት እኛ በደንብ ተምረነዋል፤ ችግሩ የተማርነው እንደ ዘዴ መሆኑ ነው። አንድ ወር ባለ ተራዋ ወጡ አሮባት ስትራኮት ጋሼን የሚስብ ሰው ጠፋ። ሰውዬው በበሩ ንፋስ እየተመቱ እዚያችው በርጩማ ላይ አመሹ። በሚቀጥለው ወር አልመጡም። የማኅበራችን ሙሴ ቢደውሉላቸው «ብርድ መትቶኝ» አሉ። ብርዱ የትኛው እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

የእህቴ ልጅ ማሙሽ አምስት ዓመቱ ነው። ከኔ ጋር ሲመጣ በበሩ ገብቶ በበርጩማዋ በኩል ያልፍና ቀጥ ብሎ ቄሱ ዘንድ ሄዶ ቁጭ ይላል። ቄሱን ወዶ እንዳይመስላችሁ፤ ዳቦው ያለው እዚያ ነው። ጸሎቱ ረዘም ሲል «ዳቦው መቼ ነው የሚቆረሰው?» ብሎ ይጠይቃል። የሁላችንም ጥያቄ ነበረ፤ ጮክ ብሎ የጠየቀው ግን እሱ ብቻ ነው። ሲሰጡት በሁለት እጁ ተቀብሎ ይበላል። እኛ ደግሞ ጠላ ቀጂዋ ስትመጣ «በቃኝ፣ በቃኝ፣ ኧረ በቃኝ!» እያልን ብርጭቋችንን በመዳፋችን እንከድናለን፤ ጣቶቻችንን ግን ጠላ ለማሳለፍ ያህል ከፈት አድርገን።

ልጅ ሁሉ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰባኪ ስሰማ ልጅ አሳድጎ አያውቅም ብዬ እጠረጥራለሁ። ማሙሽ የራሱን ዳቦ እንደጨረሰ የጎረቤቱን ልጅ ዳቦ ሲነጥቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲጠየቅም ሽምጥጥ አድርጎ ክዷል። እንግዲህ ሕፃን ለምሳሌነት የተመረጠው ለጠባዩ ሊሆን አይችልም። የሚመስለኝ ልጅ የሚመካበት ነገር ስለሌለው ነው። ደመወዝ የለው፣ ማዕረግ የለው፣ መዋጮ አይከፍል። የበላውን እራት ነገ እመልሳለሁ ብሎ አይጨነቅም። ሲሰጠው ይወስዳል፤ ሲወስድም አያፍርም። እኛን ያቃተን ይኸው ነው። መስጠትማ እንሰጣለን፤ መስጠት ያኮራል። መቀበል ነው ሞታችን።

በጸሎተ ሐሙስ ይኼ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ቀን ካህናቱ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን እያሰቡ የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። በኛ ሰፈር ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ በየቤቱ ውኃ ይንቧቧል። እግራችንን እየታጠብን ነዋ! ተረከዝ በድንጋይ ይፈተጋል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ ከሣጥን አዲስ ካልሲ ይወጣል። ከዚያ ታጥበን እንሄድና እንታጠባለን። ቄሱ የሚያጥቡት ነገር ቸግሯቸው ቅጠሉን ነካ ነካ ያደርጋሉ። ጎረቤቴን ምነው ብዬ ብጠይቀው «ታዲያ ቆሻሻ እግር ለካህን ይዘረጋል?» ብሎ ተቆጣኝ። አልፈርድበትም፤ ቅዱስ ጴጥሮስም አንተ የኔን እግር አታጥብም ብሎ ተሟግቷል። ካልታጠብክ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም ሲባል ደግሞ ደንግጦ እጄንም ራሴንም ጨምርልኝ አለ። ከእምቢታ ተነሥቶ ሙሉ ገላ መታጠብ! ጴጥሮስን የምወደው ለዚህ ነው።

ማሙሽ አምና የመጣው ኳስ ሲራገጥ ውሎ ነው። ጫማውን ሲያወልቅ አጠገባችን የነበሩ እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። ሁለቱንም እግሩን ባንድ ጊዜ ሳፋው ላይ ዘረጋ፤ የመጣበት ሜዳ ግማሹ አብሮት መጥቷል። ቅጠሉ ውስጥ እግሩን ሲነካው ኮረኮረውና በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም መሳቅ ጀመሩ። ውኃው ጠቆረ። ያን ዕለት ሰልፍ ከያዝነው ሁሉ የምር የታጠበው እሱ ነው ብል ጎረቤቴ እንኳ አይክደኝም።

ጸሎታችንም ያው ነው። እኛ ስንለምን ውል እንዋዋላለን፤ ይህን ብታደርግልኝ ጥላ አስገባለሁ፣ ያን ብታደርግልኝ ምንጣፍ። ያለ ዋጋ መቀበል አይሆንልንም። ማሙሽ ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ «ኳሴን ከጣሪያው ላይ አውርድልኝ» ይላል። ጥላም ምንጣፍም አላስያዘም። ኳሷ ከርማ ከርማ፣ ቆርቆሮ ሊጠግን የወጣ ሠራተኛ አግኝቶ ወረወራት። ማሙሽ ምንም አልመሰለው፤ አንሥቶ ሊጫወት ሄደ። «ተአምር ነው!» እያልን የተደነቅነው ዕድሜ ልካችንን ስንጸልይ የኖርነው ነን።

እንዲህ ያለው እምነት ሞኝነት የሚመስለው አለ። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ሕፃንነታችሁ ለክፋት እንጂ ለማስተዋል አይሁን ብሎ መክሯቸዋል፤ ያየውን አጥማቂ ነኝ ባይ ሁሉ የሚከተል ዘመድ ካላችሁ ይህችን ምዕራፍ አንብቡለት፤ አንደኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ ናት። የዋህነትና ሞኝነት የሚለዩበትን ቦታ ለማሳየት ግን ከአባ ዮሐንስ ሐፂር የሚሻል አላውቅም። በዓሉ ጥቅምት 20 ቀን ነው፤ ሐፂር የተባለው በቁመቱ ማጠር ነው። በወጣትነቱ እንደ መላእክት ሥራ ሳልሠራ አምላኬን ሳመሰግን ልኑር ብሎ ልብሱን ጥሎ ወደ በረሃ ጠለቀ። ሳምንት ሲሞላው ተመልሶ የወንድሙን በር አንኳኳ። «ማን ነው?» «እኔ ዮሐንስ ነኝ።» ወንድምየው ከውስጥ ሆኖ፣ ዮሐንስማ መልአክ ሆኗል፣ ከሰው ጋር የለም አለው። ቢለምነው ቢለምነው እስኪነጋ አልከፈተለትም። ሲከፍትለት ደግሞ ሰው ከሆንክ ሠርተህ ብላ አለው። ዮሐንስም ይቅርታ ጠይቆ ገባ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ወንድምየው ከበሩ ጀርባ ሳቁን እንዴት እንደቻለው አስባለሁ።

ይኸው ዮሐንስ ነው ኋላ መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክለው እስኪያፈራ አጠጣ ያሉት። ውኃው ሩቅ ስለነበር ማታ ሄዶ ጠዋት ይመለስ ነበር። «አባቴ፣ ይህ እኮ ደረቅ ነው» አላለም። እኔ ብሆን የአዋጭነት ጥናት አቀርብ ነበር። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለምልሞ አፈራ። ልብ በሉ፣ መልአክ ልሁን ያለ ጊዜ ደጅ አደረ፤ ውኃ ቅዳ ሲባል የቀዳ ጊዜ ነው ቅዱስ የሆነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅዳሴው እንምጣ። በብዙ አጥቢያ ጎልማሳው ሲቆርብ አይታይም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይቆርባሉ፤ ሕፃናት ይቆርባሉ። ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው በዚያው ዕለት ይቀበላሉ፤ ምን እንዳደረጉ ተብሎ? ምንም። በመካከል ያለነው ጠንካሮቹ በየዐምዱ ተደግፈን «ኧረ እኔ አይገባኝም» እንላለን። ትሕትና ይመስላል። አንድ ወዳጄ ይህንኑ ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና፣

«ልጄ፣ የሚገባው ሰው ካገኘህ ጥራኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ አላየሁም» አሉት።

ወዳጄ ለንስሐው ቀጠሮ ይዟል፤ ሁለት ጊዜም አራዝሟል። ባለፈው እሑድም ከካህናቱና ከዲያቆናቱ ቀጥለው የቆረቡት ሕፃናት ነበሩ፤ ብዙዎቹ በእናታቸው ክንድ ላይ ተኝተው ነው የመጡት።