የተዳፈነ እሳት

ጋይንት ቤተ ልሔም የደረስኩት ከመሸ ነው፤ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቷል፣ የስልኬ ባትሪ አልቋል። ከንፋስ መውጫ የተሳፈርኩባት መኪና ጎማዋ መንገድ ላይ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲፈታ ሲያስር ጊዜው ነጎደ፤ እኔም እግሬ ያደርሰኛል ብዬ ወረድኩ። ጉሙም አብሮኝ ወረደ። የእጄን መዳፍ እንኳ የማያሳይ ጉም።

የመጣሁት ለአክስቴ ልጅ ነበር። ድጓውን ሌላ አገር ተምሮ ጨርሷል፤ ለምስክር ግን ቤተ ልሔም መግባት አለበትና እዚያ ጎጆ ቀልሶ ተቀምጧል። ሄርሼል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳውን የሰማይ ምስል ላሳየው ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር፤ እያንዳንዷ ብናኝ የምታህል ነጥብ አንድ ጋላክሲ የሆነችበትን።

የተማሪዎቹን ሰፈር ስቼ ከአንዲት እናት ደጅ ደረስኩ። «ቤቶች!» አልኩ። «ማነህ? ግባ ልጄ፣ ብርዱ ይገልሃል» አሉኝ። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። መቀመጫ ስዳብስ ተደናቀፍኩና በመዳፌ ምድጃው ላይ አረፍኩ። አመድ ነው ስል እሳት ሆኖ ጠበሰኝ።

«እኔን ልጄ! ተዳፍኖ እኮ ነው!»

ቅቤ ቀቡልኝ። ከዚያ አመዱን በእንጨት ገለጥ ሲያደርጉት ከሥሩ የወይራ ፍም ቦግ አለ፤ ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

መዳፌ እየነደደ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ፤ ለወራት ሳነበው የከረምኩት ነገር ይኸው ነበርና። ከዋክብት የሚወለዱት በጋዝና በአቧራ ተሸፍነው ነው። አቧራው ብርሃናቸውን ይውጠዋል፤ በዋጠውም ጥቂት ይሞቃል። ሙቀት ስል ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለእኛ ግግር በረዶ፣ ለጠፈር ግን ሙቀት። ያንኑ ዓይን በማያየው ፋር ኢንፍራሬድ ጨረር መልሶ ይለቀዋል። ጋላክሲዎች ከተፈጠሩ ጀምሮ ከዋክብት ካፈለቁት ብርሃን ግማሽ ያህሉ የደረሰን በዚህ መንገድ ነው። በዓይን ብርሃን ብቻ ሰማይን ያጠና ሰው አመዱን አይቶ ፍሙን ሳያይ ቀርቷል ማለት ነው።

ጨረሩን ከምድር ሆኖ መያዝ ደግሞ ከባድ ነው፤ አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ይውጠዋል። መንገድ ያሳተኝ ጉም የዚያው የተን ወገን ነው። ስለዚህ ወደ ጠፈር ተወጣ። በ1975 ዓ.ም. ጥር ወር የመጠቀችው አይራስ የተባለች የጠፈር ቴሌስኮፕ በአሥር ወር ውስጥ የሰማይን 96 በመቶ ቃኘች። ግንቦት 6 ቀን 2001 ዓ.ም. ሄርሼል ባለ 3.5 ሜትር መስታወቱን ይዞ ተከተለ። መሣሪያዎቹ የገዛ ራሳቸው ሙቀት እንዳያውካቸው በፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዙ ነበር፤ ሂሊየሙ ሚያዝያ 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቅኝቱም አበቃ።

መረጃው ግን ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀመጠ፤ ደስ የሚለኝም ይህ ነው። አዲስ አበባ በኢትዮጵያ የሕዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመራመሩት ዶክተር ሚርያና ፖቪች ከሩዋንዳዊው አንትዋን ማሆሮና ከባልደረባቸው ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት «አረንጓዴው ሸለቆ» የሚባሉትን ጋላክሲዎች በሄርሼል መረጃ ፈትሸዋል። እነዚህ ከዋክብት በብዛት ከሚወልዱት ሰማያዊዎችና መውለድ ካቆሙት ቀያዮች መካከል ያሉ ናቸው። በጋላክሲው እምብርት ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ እየዋጠ ሲንቀለቀል የከዋክብቱን ውልደት ያጠፋዋል የሚል ግምት ነበር። ፋር ኢንፍራሬድ በሚያፈልቁት ላይ ግን ውልደቱ እንደጦፈ አገኙት። እየከሰሙ ነው የተባሉት ተዳፍነው ኖሯል!

ሲነጋ የአክስቴን ልጅ አገኘሁት። ስልኬ እንደሞተ ነው፤ የማሳየው ምስል የለኝም። ውሃ የቋጠረ መዳፌን ዘረጋሁለት፤ ይዞ እያገላበጠ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሳንጨርስ አንዲት ልጅ ኩበት በገል ይዛ «እሳት ልጫር» ብላ እኚያ እናት ደጅ ቆመች፤ እሳቸውም አመዱን ገለጡላት።