ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል

ዲቾቶ ዓሣ የማይኖርባት ከተማ ናት፤ የዓሣ ባለሙያ ግን ሞልቷታል። ይህ የታወቀው አክስቴ በጅቡቲ መንገድ ዳር ባለው ሆቴሏ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጎን አኳሪየም ያስቀመጠች ጊዜ ነው። ደንበኛዋ የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር አዲስ አበባ ላይ ገዝቶ፣ 100 ሊትር የሚይዘውን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አራት ወርቃማ ዓሦችን ደግሞ ውሃና አየር በተሞላ ላስቲክ አንጠልጥሎ ከች አለ። ብርድ ልብስ ዲቾቶ ገብቶ ሥራ ሲያገኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የምኖረው ሰመራ ነው። አክስቴ ሳትደውልልኝ ወሬው በዳጉ ደርሶኛል። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይለያይም፦ ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ። በዚያ ሰሞን ከእነዚህ ዐበይት ጉዳዮች ተርታ «ዲቾቶ ያለችው ሴትዮ መስታወት ውስጥ ዓሣ አስራለች» የሚል ዜና ገባ። የዳጉ ወሬ ያየ ሰው ተጠይቆ፣ ተጣርቶ ነው የሚነገረው። ሳይጣራ የቀረው ውሃው ብቻ ነበር።

አክስቴም የደወለችው ለዚሁ ነው። «በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሪ ተብያለሁ። በምን አጣርቼ ልቀይር? አንተ የተማርክ ነህ» አለችኝ። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው። በእኛ ቤተሰብ ግን አንዴ ከተማርክ ሁሉንም ተምረሃል፤ ሬዲዮ ቢበላሽ አንተ፣ በግ ቢታመም አንተ። ተሳፍሬ ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ጉባኤው ሞልቶ ጠበቀኝ። የመጀመሪያውን ሐሳብ ያቀረበው ዓሦቹን ያመጣቸው ሾፌር ነው። «እናቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ሃይላንድ አጠጫቸው» አለ። አክስቴ በሳምንት 25 ሊትር የታሸገ ውሃ ስንት ብር እንደሚሆን በጣቷ ቆጥራ «ለወለድኳቸውም ሃይላንድ አልገዛሁ» ብላ ዘጋችው። ሾፌሩ ወንጂ ተወልዶ ያደገ ነው። ሲስቅ ጥርሱ ቡናማ ነው፤ ፍሎራይድ የበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ያተመበት ማኅተም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ልጅ በነበረበት ዘመን ግን ይህን የነገረው አልነበረም። «ወይ ዓሣ ሆኜ በተወለድኩ!» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ረዳቱ «ይፈላና ይቀዝቅዝ» አለ። ዲቾቶ ላይ ማፍላቱስ ቀላል ነው፤ ችግሩ ማቀዝቀዙ ነው። አክስቴ ከቦቴ የምትገዛው ውሃ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ሲወርድ እንኳን ለዓሣ ለእጅም ያቃጥላል። ማፍላት ደግሞ ጀርም ይገድላል፣ ክሎሪን ያባርራል፣ ከኖራው ጥቂቱን ማንቆርቆሪያው ላይ ያስቀራል። የቀረው ጨውና ፍሎራይድ ግን በእንፋሎት አይሄድም። ውሃው ሲያንስ እንዲያውም ይወፍራል።

የፋርማሲው ልጅ «ውሃ አጋር ጠብ ይደረግበት» አለ። እሱ ለሰው ነው። ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፤ የሰውን ሆድ ከተቅማጥ የሚያድነው ያው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ይባስ ብሎ የአኳሪየሙ ማጣሪያ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደመወዝ የማይጠይቁ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው፦ ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚመጣውን መርዘኛ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣሉ። ውሃ በየሳምንቱ የሚቀየረውም የተጠራቀመውን ናይትሬት ለማውጣት ነው። ክሎሪን ላለበት ውሃ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድቶ፣ የአየር ፓምፑን ቱቦ ከትቶ፣ አንድ ቀን ማሳደር ነው። የቸኮለ ሰው ድሮ ፎቶ ቤቶች ሃይፖ ይሉት የነበረውን ሶዲየም ታዮሰልፌት በጣም በጥቂቱ ይጨምራል።

የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ሳትማከር ሥራ ጀምራ ነበር። ከቡና ምድጃ የተረፈውን ከሰል አጥባ፣ በቆየ ነጠላ ቁራጭ ቋጥራ ባልዲው ውስጥ ጥላዋለች። ውሃው ላይ ግራጫ አመድ ይዋኛል፤ ዓሣ ግን አይዋኝበትም። ሐሳቧ ትክክል ነበር፦ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ከሰል ክሎሪንን፣ ሽታንና ቀለምን ይይዛል። የጀበናው ከሰል ግን ከሚይዘው የሚለቀው ይበልጣል። ጨውን ደግሞ ሁለቱም አይዙትም። ከደቡብ የመጣ አንድ እንግዳ «ሽፈራው ፍሬ ፈጭታችሁ ጨምሩበት» አለ። እውነቱን ነው፤ የሽፈራው ፍሬ ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች ያዘቅጣል። የአክስቴ ውሃ ግን እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ያልታመመ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል?

ከዚያ መሐንዲስ የሚመስል እንግዳ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ሪቨርስ ኦስሞሲስ አስረዳ። ማሽኑ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ያሳልፈዋል፤ ጨው ከኋላ ይቀራል፣ ንጹህ ውሃ ይወጣል። አክስቴ ፊቷ በራ። «አንድ ሊትር ለማጣራት ግን ሦስትም አራትም ሊትር የሚደፉ አሉ» ሲል መልሶ ጠቆረ። «ቦቴው ሲመጣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እያለ ሦስት ሊትር ልድፋ? ዓሣዎቹን ትቼ እኔን መስታወት ውስጥ አስገቡኝ!» አለች። ከሁሉ የገረማት ደግሞ የማሽኑ ውሃ ማዕድን ስለማይቀርለት ለብዙ ዓሦች መልሶ ማዕድን መጨመር እንደሚያስፈልግ ስትሰማ ነው። ከዶቢ የጨው ሜዳ ጨው እየተጫነ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀምጣ ጨው አውጥታ ጨው ልትገዛ!

እስከዚያ ድረስ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። መጀመሪያ «ይታለባሉ?» ብለው ጠየቁ። እንደማይታለቡ ሲነገራቸው «ይታረዳሉ?» አሉ። እሱም እንደማይሆን ሲያውቁ አክስቴን በሐዘኔታ ተመለከቷት። ከዚያ ጠጋ ብለው የመስታወቱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ውሃው ጣት የሚያክል ጎድሏል፤ በጎደለበት ልክ መስታወቱ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል። ሽማግሌው ጣታቸውን ላስ አደረጉና «ፀሐይ ውሃውን ትጠጣለች፤ ጨዉን ትተፋለች። ዶቢም የተሠራው እንዲሁ ነው» አሉ።

ጉባኤው ጸጥ አለ። እኔ ግን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሁላችንም ስንከራከር የቆየነው ስለ ገቢው ነበር፤ ጉዳዩ ያለው ቀሪ ሒሳቡ ላይ ነው። 100 ሊትር ውሃ በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ይዞ ቢገባ 50 ግራም ጨው ተመዘገበ ማለት ነው። ግማሹ ውሃ ተንኖ በዚያው ዓይነት ውሃ ሲሞላ 25 ግራም ይጨመራል፤ ይኸው ሲደገም ሌላ 25። ውሃው ያው 100 ሊትር ነው፣ ጨው ግን እጥፍ ሆኗል። አክስቴ በየቀኑ የጎደለውን እየሞላች «ቀየርኩላቸው» ስትል የከረመችው ይህንን ነው። መሙላት መቀየር አይደለም። መጀመሪያ ቀድቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ጨው ከውሃው ጋር የሚወጣው ያኔ ብቻ ነው።

አዋሽም ያለበት ዕዳ ይኸው ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አይሳኢታን ካለፈ በኋላ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም፤ ውሃው ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። አፍዴራ ሐይቅም ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ እንዲሁ ሆኗል። ጨው አምራቾቹም የሚሠሩት ከፀሐይ ጋር ተባብረው ነው፤ የሐይቁን ውሃ ገንዳ ላይ ያሰጣሉ፣ ፀሐይዋ ድርሻዋን ትወስዳለች፣ እነሱ የቀረውን ይዝቃሉ።

ወርቃማዎቹ ዓሦች ግን ከጨውም በላይ ሙቀቱ ነበር የሚያሳድዳቸው። ለእነሱ የሚመቸው 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ንጹህ ውሃ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ ብቻ ይይዛል። አክስቴ ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ውሃ አግግራ መስታወቱ ውስጥ ታንሳፍፍ ነበር። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ፍሪጁም አብረው ዝም ይላሉ። ያኔ ጀነሬተር የሚነሳው ለእንግዶቹ ይሁን ለዓሦቹ፣ እንግዶቹም አልጠየቁ።

እኔም ብያኔዬን ሰጠሁ፦ «አክስቴ፣ ውሃውን ለዓሣው ከምናስተካክል ዓሣውን ለውሃው እንምረጥ።» አፍዴራ ሐይቅ ዳር፣ ፍልውሃ በሚገባበት በኩል፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉ። አንደኛው ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ለሳይንስ የተዋወቀው ነው። ሌላውን ትንሽ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2001 የገለጹት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁን ከአሜሪካዊ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ነው። በዚያ ሙቀትና በዚያ ጨው ማንም ሳያጣራላቸው ይኖራሉ። እነሱን ግን ከቤታቸው ማፈናቀል ነውር ነው። ስለዚህ የአዋሽ ልጅ ቆሮሶ ተመረጠ፤ ሙቀት ይወዳል፣ ትንሽ ጨውም አያማርረውም። ወርቃማዎቹ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣ ሾፌር እጅ ከነብርድ ልብሳቸው ተሸኙ።

ማጣሪያችንም ተወሰነ፦ የቦቴ ውሃ ባልዲ ውስጥ ያድራል፤ ከመሙላት በፊት ይቀዳል፤ የሚቀዳው አሮጌ ውሃ በር ላይ ላለችው ኒም ዛፍ ይሰጣል። የሚደፋ ጠብታ የለም፣ ማሽንም የለም።

አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። ጣት የሚያክሉ ሆነው የመጡት ቆሮሶዎች እየወፈሩ ነው፤ 100 ሊትርም እየጠበባቸው ነው። ሾፌሮቹ እንደ ድሮው ፊት ለፊታቸው ቆመው ፎቶ አይነሱም፤ ቁጭ ብለው ያያሉ። በዓቢይ ጾም ደግሞ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር መስታወቱ ሥር ተካሄደ፤ ይበላል የሚሉት በድምፅም በምራቅም በለጡ። አክስቴ ነገሩ ስላሳሰባት በካርቶን ላይ ጽፋ ለጠፈች፦ «ዓሣው ለማየት ነው። ለምሳ ሽሮ አለ።»

በማግስቱ ከሥሩ አንዱ በእስክሪብቶ «እስከ መቼ?» ብሎ ጨምሮበት አገኘችው።