ሽሮው የት ገባ?

በቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ጸሎቱ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ይጀመራል። ቁጥሩ የተፈቀደውን 23 ኪሎ አልፎ 24 ካለ ሻንጣው እዚያው ወለል ላይ ይከፈታል፤ በርበሬው፣ ድርቆሹ፣ ለአክስት ልጅ የተላከው ቆሎ፣ ሁሉም ሕዝብ ፊት ይቆጠራል። አንድ ኪሎ ሽሮ ወጥቶ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይወሸቃል፤ ካልሆነም ጋቢው ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ካፖርቱ ይደረብበታል። አሁን ሚዛኑ 23 አለ፤ ሕጉ ተከበረ። አውሮፕላኑ ግን ያንኑ ሽሮና ያንኑ ጋቢ ተሸክሞ ነው የሚነሳው፤ አንዲት ግራም አልቀለለችለትም።

የሻንጣው ባለቤት 50 ኪሎም ይመዝን 110፣ ጠያቂ የለውም። ሳሞዋ ኤር የተባለው ትንሽ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 ተሳፋሪውን ከነሻንጣው መዝኖ በኪሎ ማስከፈል ጀምሮ ነበር፤ ዓለም ጉድ አለ። ሽሮ ሲመዘን ግን ማንም ጉድ አይልም።

ሚዛኑስ? ቤት ውስጥ 22 ተኩል የነበረ ሻንጣ ቦሌ ሲደርስ 24 የሚሆነው ታክሲ ውስጥ ወልዶ ነው እንዳንል፣ የቤቱም ሚዛን ቢሆን ምስክርነቱ አያስተማምንም። የአውሮፕላን ማረፊያ ሚዛንም ሊሳሳት ስለሚችል፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ ሥጋ ቤት ሚዛን በመንግሥት ተቆጣጣሪ ይፈተሻል፤ ያለፈውም ምልክት ይለጠፍበታል። እርስዎም ሻንጣዎን ከመጫንዎ በፊት ባዶው ሚዛን ዜሮ ማለቱን ይዩ። ካላለ፣ ሽሮውን ከማውጣትዎ በፊት ሌላ ሚዛን ይጠይቁ።