ዓይን ይገዛል፣ ጣት ይከፍላል

ለ፦ ላፕቶፕ አምራች ኩባንያዎች የዲዛይን ክፍል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከእጃችን ላይ ያለ ደረሰኝ የተወሰዱ ቁልፎች፣ አዝራሮችና አንዲት ቀይ ጉብታ እንዲመለሱልን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

እኛ ከጣቶቻችን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን አቤቱታ የምጽፈው በእናንተው ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ዐረፍተ ነገር ድንገት ዘሎ ሌላ አንቀጽ ውስጥ ቢገባ የጸሐፊው ስንፍና ተደርጎ እንዳይቆጠር በቅድሚያ አስመዘግባለሁ።

በእኛ አገር ላፕቶፕ ሲገዛ ምን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። «ራሙ ስንት ነው? ኮር አይ ስንት ነው? ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?» ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ስክሪኑን ያበራል። ገዢው ዕቃውን በጎን አየት፣ በአንድ እጁ ብድግ ያደርግና «ቀጭን ነው!» ብሎ ብሩን ይቆጥራል። ኪቦርዱን ልሞክረው የሚል ጠንቃቃ ቢገኝ እንኳ የራሱን ስም በሁለት ጣት ጽፎ ይተወዋል። እናንተ ይህን ጠባያችንን ከእኛ በፊት አጥንታችሁታል። ሱቅ ውስጥ የሚፈርደው ዓይን ነው። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ግን ለዓመታት ሒሳቡን የሚከፍለው ጣት ነው፤ ጣት ደግሞ በግዢው ላይ ድምፅ አልነበረውም።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ እናንተም ጣትን የምትጠይቁበት ዘመን እንደነበረ እመሰክራለሁ። በ1991 እ.ኤ.አ. አፕል ፓወርቡክ የተባሉትን ላፕቶፖች ሲያወጣ ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ ገፍቶ ከፊት ለፊት የመዳፍ ማሳረፊያ ተወ፤ መሃሉ ላይም በአውራ ጣት የምትሽከረከር ኳስ አስቀመጠ። በዓመቱ አይቢኤም በቲንክፓድ 700ሲ ላይ፣ በጂ፣ በኤች እና በቢ ቁልፎች መካከል፣ ትራክፖይንት ያላትን ቀይ ጉብታ ተከለ። በ1994 ደግሞ አፕል ኳሷን ትቶ በፓወርቡክ 500 ላይ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ታችፓድ አመጣ። ጠቋሚውን በምን እናንቀሳቅሰው ለሚለው አንድ ጥያቄ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት መልስ! ሦስቱም ወዳጅ አገኙ። ያኔ ትከራከሩ የነበረው ስለ እጅ ነበር።

ቀይዋ ጉብታ የተወለደችው ከስስት ነው፤ የጊዜ ስስት። ቴድ ሴልከር የተባለው ተመራማሪ አንድ ጥናት ያነባል። ጥናቱ አንድ ጸሐፊ እጁን ከኪቦርድ አንሥቶ ማውስ ለመያዝ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ገደማ፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል ይላል። ሴልከር ይህን አንድ ሰከንድ ተኩል ለማትረፍ ተነሣ፤ በኋላም አይቢኤም ውስጥ ከባልደረባው ከጆሴፍ ራትሌጅ ጋር ሆኖ፣ እጅ ከጽሕፈት ቦታው ሳይነሣ ጠቋሚውን የምትገፋዋን ጉብታ ሠራ። ስለ ቀለሟም ወሬ አለ። በአይቢኤም ደንብ ቀይ ለአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ብቻ የተፈቀደ ቀለም ስለነበር፣ የዲዛይን ሰዎቹ በወረቀት ላይ «ማጀንታ» ብለው አስመዝግበው ቀስ በቀስ አቀሏት ይባላል። ክቡራን፣ በአንድ ወቅት ስለ ጣት ብላችሁ የራሳችሁን ቢሮክራሲ ታታልሉ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ማንን እንደምታታልሉ እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ተወሰዱብን ንብረቶች ዝርዝር እገባለሁ።

በ2013 ሌኖቮ፣ አይቢኤም የሸጠለትን ቲንክፓድ ሲያድስ፣ ከቀይዋ ጉብታ ጋር የሚሠሩትን ሦስት አዝራሮች አንሥቶ ታችፓዱ ውስጥ ቀበራቸው። ጉብታዋ ቀረች፤ የሚነካ፣ የሚለይ አዝራር ግን አልነበራትም። እንጀራ የምትጋግርን እናት «ምጣዱ ብቻውን ሲታይ ያምራል» ብሎ አክንባሎዋን መውሰድ ማለት ይህ ነው። ተጠቃሚው ጮኸ። በ2015 አዝራሮቹ ተመለሱ። በ2014 የወጣው ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን ደግሞ ከላይ የሚደረደሩትን የኤፍ ቁልፎች አስወግዶ በሚያበራ የመንኪያ ሰሌዳ ተካቸው፤ ካፕስ ሎክንም ከቦታው አፈናቅሎ ሆምና ኤንድን አሰፈረበት። በዓመቱ ቁልፎቹ ሁሉ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ካሣ ግን አልተከፈላቸውም።

አፕልም ከዚህ አልተማረም። በ2016 በማክቡክ ፕሮ ላይ ታችባር የተባለ ባለ ቀለም ስስ ስክሪን አምጥቶ የኢስኬፕን ቁልፍ ሥዕል አደረጋት። የተቆለፈበትን ፕሮግራም ሊያመልጥ የፈለገ ሰው የማምለጫዋን ሥዕል ይደባብስ ጀመር። በ2019 እውነተኛዋ ኢስኬፕ ተመለሰች፤ በ2021 የኤፍ ቁልፎች በአዳዲሶቹ ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ተመለሱ፤ በ2023 ታችባር ያለው የመጨረሻው ሞዴልም ከገበያ ወጣ። ሰባት ዓመት የፈጀ የደርሶ መልስ ጉዞ ነው።

«ቢራቢሮ» የሚባለውን የአፕል ኪቦርድ ታሪክ ግን በአጭሩ ማለፍ ግፍ ይሆናል። በ2015 አፕል ላፕቶፑን ለማቅጠን ሲል ቁልፎቹን እጅግ ጠፍጣፋ አደረጋቸው። ከሥራቸው ትንሽ ብናኝ ከገባ አንዱ ቁልፍ ይደርቃል፣ ሌላው አንዴ ሲነኩት ሁለቴ ይጽፋል። ኩባንያው ለደንበኞቹ የሰጠው መመሪያ ምን ነበር? ላፕቶፑን 75 ዲግሪ አዘንብላችሁ ያዙት፣ የታመቀ አየር ንፉበት፣ ከዚያ አዙራችሁ ድገሙት! ለሺዎች ዶላር ዕቃ የታዘዘው ሕክምና አዘንብሎ ማራገፍ ሆነ። በ2018 ነፃ የጥገና ፕሮግራም ተከፈተ፤ በ2019 መጨረሻ የቀድሞው ዓይነት ቁልፍ መመለስ ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በቀረበ የጋራ ክስ ኩባንያው 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አባቶቻችን ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚሉት ለካ ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህ ሁሉ መውሰድና መመለስ አንድ የሚያስቀና ባሕርይ አለው። ስትወስዱ «ፈጠራ» ትላላችሁ፤ ስትመልሱም «ፈጠራ» ትላላችሁ። እኛ ስንወሰድብንም ስንመለስልንም ከፋዮች ነን።

ታችፓድን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። በሁለት ጣት ገጹን ማንሸራተት፣ በመቆንጠጥ ፎቶ ማጉላት ግሩም ነገር ነው። በ2015 አፕል ያመጣው ታችፓድ ጨርሶ ሳይሰምጥ በንዝረት ብቻ የሰመጠ ያስመስላል፤ እንዲህ ያለ ያማረ ውሸት ከእናንተ ሰምተን አናውቅም፤ ተመችቶናል። የሥራ ባልደረባዬ ከታችፓድ በቀር ሌላ አልነካም ይላል። ሌላው ወዳጄ የትም ሲሄድ ማውሱን በኪሱ ይዞ ነው፤ ካፌ ገብቶ ከማኪያቶው በፊት ለማውሱ ቦታ ይፈልጋል። እኔ የጉብታዋ ወገን ነኝ። ሦስታችንም ትክክል ነን። ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይተዳደርም፤ እጅም እንደዚያው። የሚያሳዝነኝ ለአንዱ እጅ የሚስማማውን የሁሉ ሕግ ማድረጋችሁ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እናንተ አንድ ሆሄ በአንድ ቁልፍ ትጽፋላችሁ። እኛ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ እንመታለን፤ አንዱ ተነባቢውን፣ ሌላው አናባቢውን ያመጣል። «ሰላም» ለማለት ብቻ አምስት ጊዜ እንመታለን። ጠ እና ጨ ከሆኑ ሺፍትም ይጨመራል። ስለዚህ የሰነፈ ቁልፍ እናንተን አንድ ሆሄ ቢያሳጣችሁ እኛን ከግዕዝ ወደ ሳድስ አውርዶ የቃሉን ትርጉም ይገለብጥብናል። በዚህ ላይ ታችፓዱ በየዓመቱ እየሰፋ የመዳፍ ማሳረፊያውን ይዞታ ወስዶታል። መዳፍን ከጣት እለያለሁ ይላል፤ አይለይም። «ለክቡር ሚኒስትር» ብዬ ስጀምር መዳፌ ጫፉን ነካ ያደርገዋል፤ «ሚኒስትር» ሦስት መስመር ወርደው የአበል ጥያቄው መሃል ቁጭ ይላሉ። ክቡርነታቸው ወደ መንበራቸው እስኪመለሱ ሐሳቤ ጠፍቷል።

ይህ ሁሉ ሳይፈታ አዲስ ቁልፍ ተጨመረልን። በ2024 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ለኮፓይለት፣ ማለትም ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ የራሱ ቁልፍ እንዲኖረው ማድረጉን አወጀ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቁልፍ የተቀመጠው ቀኝ ኮንትሮል በነበረበት ቦታ ነው። ነባሩ ባለ ርስት ሲነሣ ያስታወቀውም፣ ያማከረውም የለም። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ሌኖቮ ቀይዋ ጉብታ የሌላትን ቲንክፓድ ኤክስ9 አሳየን። በብዙዎቹ ሌሎች ቲንክፓዶች ላይ አሁንም አለች፤ ነገር ግን አወሳሰድ እንዴት እንደሚጀመር ከእናንተ ተምረናል።

ክቡራን፣ መፍትሔው ከቤታችሁ ወጥቶ አያውቅም። በቲንክፓድ ላይ የኤፍኤን ቁልፍ ለረጅም ዘመን ጥግ ላይ፣ ኮንትሮል ከአጠገቡ ነበሩ። ግማሹ ሰው «ኮንትሮል ጥግ ላይ ይሁን» ይላል፤ ግማሹ «ለምጄዋለሁ፣ አትንኩብኝ» ይላል። ኩባንያው በ2024 ቦታቸውን አቀያይሮ ሲያወጣ ደግሞ የለመዱት አኮረፉ። ነገር ግን ከብዙ ዓመት ጀምሮ በማሽኑ መቼት ውስጥ ሁለቱን ቁልፎች ማቀያየር የሚያስችል አንድ ምርጫ ነበረ። ጥግ የፈለገ ጥጉን ያገኛል፤ የለመደ በልማዱ ይኖራል። ኮሚቴ አልተቋቋመም፣ ክስ አልተመሠረተም። ሁለቱንም ወገን ያረካው አንድ የምርጫ መስመር ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

1. አንድ ቁልፍ ወይም አዝራር ከመነሣቱ በፊት፣ ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ የሚውሉ ሰዎች፣ ማለትም የጽሕፈት ሠራተኞች፣ ጋዜጠኞች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎችና ተማሪዎች፣ ለሳምንታት ይሞክሩት። ለማስታወቂያ ፎቶ የተቀጠረ ቆንጆ እጅ አይቆጠርም።

2. አዲስ ነገር ስታመጡ አሮጌውን አትቅበሩ፤ ገዢው ይምረጥ። ባለ ጉብታ፣ ባለ አዝራር፣ ባለ ሰፊ ታችፓድ፣ ባለ ጠባብ ታችፓድ። ለክዳኑ ስምንት ዓይነት ቀለም ማምረት የቻለ ፋብሪካ ሦስት አዝራር አያቅተውም።

3. ኪቦርድ የሚያልቅ ዕቃ ነው። የተበላሸውን አንድ ቁልፍ የሠፈራችን ጠጋኝ በቀላሉ እንዲቀይረው አድርጋችሁ ሥሩት።

4. የወሰዳችሁትን ስትመልሱ አጨብጭቡልን አትበሉ። «ተሳስተን ነበር» ማለት ይበቃል፤ ባትሪም አይጨርስም።

ላፕቶፑ ግማሽ ሚሊሜትር ወፍሮ ቢመጣ አንዳችንም እንደማንሞት በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የጉብታዋ ወገን

ግልባጭ፦

ለታችፓድ ወዳጆች፦ ጠብ የለንም፤ ነገ የሚወሰደው የእናንተው ሊሆን ይችላልና አብራችሁን እንድትፈርሙ።

ለላፕቶፕ ሻጮች፦ ገዢ ኪቦርዱን ልሞክር ሲል «ሌላ ደንበኛ እየጠበቀ ነው» እንዳትሉት።

ለገዢዎች፦ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ በአማርኛ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። እጃችሁ ካልወደደው፣ ዓይናችሁ የቱንም ያህል ቢለምናችሁ አትግዙ።