በመዝገብ ያልሞቱ ነዋሪዎችን ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት በመዝገብ ይስፈር ብሎ ሲያበቃ፣ በአንቀጽ 3361 ደግሞ ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ ያለ በመሆኑ፤ ትእዛዙ ሲጠበቅ ሁለት መንግሥት አልፎ ሦስተኛው አዋጅ ቁጥር 760/2004ን ያወጣ በመሆኑ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ብቻ ስለሆኑ፣ የቀሩት 97 መወለዳቸውን ከእናታቸው በቀር የሚመሰክርላቸው ባለመኖሩ፤ የመዝገቡን ጥራት ለመመዘን የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ዕድሜውን የተጠየቀ ሁሉ 30፣ 40 ወይም 50 ብሎ እንዲመልስ ተፈቅዷል፤ ሳይፈቀድለትም ሲያደርገው ኖሯል። «43 ዓመቴ ነው» የሚል ግን ተጠርጣሪ ነውና ማስረጃ ያቅርብ። «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጡት እጠባ ነበር» ማለት ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት እንደተሞላ ይቆጠራል።

አንቀጽ 2። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ መዝጋቢው ደብተሩን ይዞ ከድግሱ ይገኝ፤ አቂቃ ባለበትም እንዲሁ። ይህ አንቀጽ ቁም ነገር ስለሚመስል ለኮሚቴ ተመርቷል።

አንቀጽ 3። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ሟች ራሱ መጥቶ ስለማያስመዘግብ ወራሾቹ ይመጣሉ፤ የሚመጡት ግን የሚወረስ ሲኖር ነው። ባለ ቪላው አፈሩ ሳይደርቅ የሞት የምስክር ወረቀት ይወጣለታል። አንድ በሬና አንድ ጋቢ ትቶ የሄደው አርሶ አደር ማንም ስላልጠየቀለት በሕይወት አለ። ስለዚህ በዚህች አገር ድሃ እንደማይሞት ተረጋግጧል፤ ምስጋናውን የጤናው ዘርፍ ይወስዳል።

የእድር ጸሐፊው ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ማን መቼ እንደሞተ፣ ድንኳን መቼ እንደተተከለ፣ ማን ከቀብር ቀርቶ እንደተቀጣ ሳይቀር ይዞ ስለተገኘ፣ የመንግሥትን መዝገብ እንዳያሳፍር ታግዷል። በአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ሞትን ለመቁጠር ወደ መቃብር ቦታዎች መዝገብ መሄዳቸውም እንደ ድፍረት ተይዟል።

አንቀጽ 4። በሞት ምክንያት ስፍራ «ልቡ ቆሞ» ተብሎ መጻፉ ይቀጥላል። ባለሙያዎች ይህ ለምንም አይረባም፣ ገዳዩ በሽታ ይጻፍ ቢሉም፣ ልቡ እየመታ የተቀበረ ሰው እስካላመጡ ድረስ አይሰሙም።

አንቀጽ 5። በዚህ አዋጅ ቅር የተሰኘ ሟች ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና ያልታደሰም ቢሆን የቀበሌ መታወቂያውን ዋናውንና ኮፒውን ይዞ፣ በሥራ ሰዓት በአካል ቀርቦ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ወኪል አይቻልም።