የሁለት መቶ ግራም ጣጣ

ሰው የማይሰማው፣ እኔ ግን የምሰማው ድምፅ አለ። ቀኝ ፔዳል ሲወርድ «ቀጭ» ይላል፤ ግራው ሲወርድ ጸጥ፤ ከዚያ እንደገና «ቀጭ»። የእህቴ ልጅ ሳይክሉን ይዞ ከግቢ ሲወጣ እሰማዋለሁ፣ ሲመለስ እሰማዋለሁ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሳለ የሰማሁ የሚመስለኝ ጊዜም አለ። ይህን ለጎረቤት አላወራም። ሲሬ የአዲስ አበባ–ነቀምቴ አስፋልት መሀል ለመሀል የሚሰነጥቃት ከተማ ናት። ሌሊቱን ሙሉ የጭነት መኪና ሲያጓራበት የሚያንኮራፋ ሰው «አንዲት ቀጭታ ሰላም ነሳችኝ» ቢል፣ «ይጸለይልህ» ነው የሚሉት።

የድምፁን ምንጭ አውቀዋለሁ። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኝ ዘንግ አለ፤ እሱ የሚሽከረከረው በሳይክሉ ሆድ ውስጥ፣ ከቀኝና ከግራ በተቀመጡ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። ሳይክል ልንገዛ ስንሄድ ጎማውን ጫን ጫን እናደርጋለን፣ ፍሬኑን እንይዛለን፣ ደወሉን አንድ ሁለቴ እናቃጭላለን፤ ስለዚያ ዘንግ ሲጠይቅ ያየሁት ሰው ግን የለም። ባይጠየቅም አይፈረድም። ለመሄጃ በተገዛ ሳይክል ላይ ያ ዘንግ ግሪስ ካልተነፈገው ዓመታት ያገለግላል። የኛ ልጅ ግን በሳይክሉ አይሄድበትም፤ ይዘልበታል።

ስፖርቱ ትራያልስ ይባላል። ዳኒ ማክአስኪል የተባለ ስኮትላንዳዊ በ2009 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ከተማ ውስጥ በአጥር ጫፍ ላይ በሳይክል ሲሄድ፣ ከግንብ ወደ ግንብ ሲዘል የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ዓለምን አዳርሶ፣ ዘግየት ብሎም ቢሆን ሲሬ ገባ። ጨዋታው የሰፈር ልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና አለው። ተወዳዳሪው ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ፣ ከግንድ ወደ ግንድ ይዘላል፤ እግሩ መሬት ከነካ ይቀጣል። የውድድሩ ሳይክል መቀመጫ የለውም። ልጁ ይህን ባየ ማግስት የራሱን መቀመጫ ነቀለ፤ መቀመጫው አሁን የዶሮ ቤቱን በር ደግፎ ይዟል። ከዚያ ወዲህ ኮብልስቶን የተከመረበት፣ የውሃ መውረጃ ግንብ ያለበት ቦታ ሁሉ የሱ ስታዲየም ነው።

ለዚህ ሥራ ዘንጉ ጠንካራ መሆን አለበት። ሃምሳ ምናምን ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከአንድ ሜትር ግንብ ዘሎ ሲያርፍ ሁለቱም እግሮቹ ፔዳል ላይ ናቸው። መቀመጫ የለ፤ ስለዚህ መላ ሰውነቱ፣ ያውም ከአወዳደቁ ጋር ተባዝቶ፣ በሁለቱ ክንዶች በኩል እዚያ ዘንግ ላይ ይራገፋል። ክንዶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝሙ ይጠመዝዙታል። ጠንካራ ብቻ ሆኖ ከባድ ቢሆንስ? ሳይክሉን ከመሬት አንሥቶ የሚዘለው ልጁ ራሱ ስለሆነ እያንዳንዷን ግራም በጉልበቱ ይከፍላታል። ኪዝ ቦንትሬገር የተባለ አሜሪካዊ ሳይክል ሠሪ «ጠንካራ፣ ቀላል፣ ርካሽ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ» ብሏል እየተባለ ይወራል። ሰውየው ሲሬ መጥቶ አያውቅም። እዚህ ምርጫው «አለ» እና «የለም» ነው፤ «አለ» የሚባለውም አንድ ዓይነት ነው።

ዓለም ለችግሩ የሰጠውን መልስ አንብቤዋለሁ፤ ማንበብ ምን ያስከፍላል? የተለመደው ዘንግ ጫፉ አራት ማዕዘን ነው። ትራያልስ የሚጋልቡት ግን አይሲስ የሚሉትን፣ ጫፉ አሥር ጥርስ ያለውን ይወዳሉ፤ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 128 ሚሊ ሜትር ነው። ከድሮው ይወፍራል፣ ግን ውስጡ ባዶ ነው። ባዶነቱ አያስደንግጣችሁ፤ ሸምበቆም ውስጡ ባዶ ሆኖ ነው ነፋስ የሚችለው። ገንዘብ ያለው ደግሞ ከብረት በአርባ በመቶ ገደማ የሚቀልለውን የቲታኒየም ዘንግ ይገዛል፤ ከነኩሽኔታው 200 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ጣጣው ምኑ ላይ ነው? ዘንጉ ሲወፍር የሳይክሉ ሆድ አብሮ አልሰፋም። ቦታ የተነጠቀው ኩሽኔታው ነው፤ በውስጡ ያሉት ብዮች አነሱ፤ ያነሰ ብይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ዘንጉ ሲጠነክር ኩሽኔታው ሞተ። የአውሮፓ ልጆችም በመቶ ዶላር ዕቃ «ቀጭ» እያሉ እንደሚኖሩ ሳነብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ልጁ ግን አልተበገረም። «ጋሼ፣ የሚያዋጣን ቲታኒየሙ ነው» ይለኛል፣ የሚያዋጣው እሱ ይመስል። ብሩ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እኔ መቶ ዶላርን በብር አስቤው አላውቅም፤ በበቆሎ ነው የማስበው። በበቆሎ ሲታሰብ ያ ዘንግ ቤተሰቡን ክረምቱን ያከርማል።

ደግሞስ ሱቅ ገብቶ «ቀላል ዘንግ ስጠኝ» ማለት ይቻላል እንዴ? እኛ ዕቃ በእጃችን እየመዘንን የምንገዛ ሰዎች ነን። ድስቱን አንሥተን እናየዋለን፤ መዶሻውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የበር ቁልፉን ሳይቀር። ከከበደ ኦርጅናል ነው፤ ከቀለለ መልሰን እናስቀምጠዋለን፣ ሻጩም አይከራከረንም። የድሮ ፊኒክስ የነበራቸው ሽማግሌዎች ስለ ሳይክላቸው ሲያወሩ የሚያመሰግኑት ፍጥነቱን አይደለም፤ «ዳገት ላይ መግፋቱ ራሱ ለወንድ ነበር» ነው የሚሉት። እዚህ አገር ላይ ነው እንግዲህ እኔ ለ200 ግራም የምሰቃየው።

ሲሬ ያጣነውን ነቀምቴ እንፈልጋለን፤ ነቀምቴ የጠፋ መርካቶ ይታዘዛል። ለማዘዝ ደግሞ ናሙና ይላካል፤ የስልክ ፎቶ አይቶ «ገባኝ» የሚል ነጋዴ አይታመንም። ያለቀው ዘንግ በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ስምና ስልክ ይጻፍበታል፣ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል። ረዳቱ «ምንድን ነው?» ይላል። «የሳይክል ዕቃ።» «ቦምብ እንዳይሆን!» ይስቃል፤ ሁሉም ረዳት ይህችን ቀልድ የፈጠራት እሱ ይመስለዋል። ከዚያ አኖን፣ ባኮን፣ ኢጃጂን፣ ጌዶን፣ ጉደርን፣ አምቦን፣ ጊንጪን፣ ሆለታን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ የሚቀበለው የአጎቴ ልጅ ሥራ ስለማይመቸው ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛው ባለሱቅ ለሚያውቅ ሌላ ጓደኛ። እኔ አዲስ አበባን የማውቃት ለሕክምናና ለለቅሶ ነው፤ ዘንጋችን ግን መርካቶን ጥግ በጥግ አዳርሷል።

በመጨረሻ ባለሱቁ ራሱ ደወለ። «ኦርጅናሉን ነው የምትፈልገው ወይስ ኦርጅናል?» አለኝ። እንደተረዳሁት ኦርጅናል አለ፣ አንደኛ ኦርጅናል አለ፣ የዱባይ ኦርጅናል አለ፤ ከሁሉ በታች ታይዋን አለ። እዚህ ላይ ልቤ ቆሰለ። ከዓለም ምርጥ የሳይክል ዕቃዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ታይዋን ነው። ጃይንትና ሜሪዳ የሚባሉት ታላላቅ ሳይክል ሠሪዎች የታይዋን ናቸው። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ሐምሌ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የቡድኑ ስም ላምፕሬ–ሜሪዳ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሳይክልም ሜሪዳ። መርካቶ ላይ ግን ያ ሳይክል ለናሙና ቢቀርብ «እሱ ታይዋን ነው፣ ተወው» ይባል ነበር። ይህን ለባለሱቁ በስልክ አስረዳሁት። እሱም አንድም ቃል ሳያቋርጠኝ አዳመጠና «ስለዚህ ኦርጅናሉን ልላክ?» አለ።

ላከ። ተፈታ። ሲታይ ሌላ ነው። ከኛው በአንድ ጣት ስፋት ያጥራል፤ የሚጠብቅበት ጥርስም ከሳይክሉ ጥርስ ጋር አይገናኝም። ደወልን። «ያው ነው፣ ይገባል» አለ።

ምኑ ነው ያው? የሳይክል ሆድ እኮ ልክ አለው። የእንግሊዙ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው የኩሽኔታው ጽዋ የሚጠብቀው ወደ ግራ እየተሽከረከረ ነው፣ ሰው ሲጋልብ ራሱን በራሱ እንዳይፈታ። የጣሊያኑ 70 ነው፣ ሁለቱም ወገን ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ ጽዋውም ከእንግሊዙ ይወፍራል። አንዱን በሌላው ቦታ የሚያስገባ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መዶሻ። መዶሻ ደግሞ አይቀርም! አንዱ ጎረምሳ ጠጋኝ ሳልደርስበት «ትንሽ ብቻ ነው የቀረው» እያለ ሲቀጠቅጥ አገኘሁት። ጥርሱ አንዴ ከተበላ ሳይክሉ አለቀለት፤ ሌላ ሆድ አይገጠምለትም። ጨርቅ ሲቆርጡ አንዲት ጣት አሳልፈው የማይሰጡ ሰዎች፣ ቡና ሲመዝኑ ሚዛኑ ላይ ፍሬ በፍሬ የሚጨምሩ ሰዎች፣ የልጅ ጥርስ ላይ ሲደርስ «ያው ነው»! ይህ ዘንግ አየር ላይ ቢሰበር ልጁ የሚያርፈው በአገጩ ነው። ያኔስ ለእናቱ ምን ሊሏት ነው? አገጭም ያው ነው? ሚሊ ሜትር ለጌጥ አይደለም የተፈጠረው። እኔ ክፍል ውስጥ ልጅ 68ን 70 ብሎ ሲጽፍ ኤክስ አደርግበታለሁ፤ እሱ አድጎ ነጋዴ ሲሆን ያንን ኤክስ በኔው ሳይክል ላይ ይመልሰዋል።

ይህን ሁሉ የጮኽኩት የአንድ ሽማግሌ መካኒክ ደጃፍ ቆሜ ነው። ሽማግሌው ጎረምሳውን አባረሩት፣ በርጩማ ገፉልኝ፣ «ኒ ታአ፣ ቲቸር፣ ተረጋጋ» አሉኝ። ከዚያ የድሮውን ዘንግ ከፌስታሉ አውጥተው በናፍጣ አጠቡት፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ ጥፍራቸውን በላዩ ላይ አንሸራተቱ። ጥፍራቸው የያዘበትን ቦታ አሳዩኝ፤ ከዓይን ይልቅ ለጣት የሚታይ ጎድጓዳ ነበር። ጽዋውን በግሪስ ሞሉት፤ ብዮቹን በለስላሳ ቆርኪ ውስጥ አፍስሰው አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ ለጠፉ፤ በያንዳንዱ ወገን አሥራ አንድ፣ ሩብ ኢንች ብይ። አልቆጠሩም፤ ሲያልቅ አሥራ አንድ ነበር። ለዘንጉ ክብደት ግን ደንታ የላቸውም። «ገረመው ደንቦባ በ1949 ሜልቦርን፣ በ1952 ሮም ኦሊምፒክ ሲጋልብ» አሉኝ ሳይክሉን ገልብጠው እያሽከረከሩ፣ «ኩሽኔታ ባለቀ ቁጥር ሚኒሶታ ይደውል ነበር?»

ይህችን የወረወሩት ለኔ ነው፤ ወሬው ደርሷቸዋል። ሚኒያፖሊስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለገና ትመጣለች። ወለጋ ውስጥ ሚኒሶታ ዘመድ የሌለው ቤት መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ መምጫዋ ከታወቀ ጀምሮ ትእዛዙ ዘንቧል። ለእናቷ የጉልበት መድኃኒት፣ ለሙሽራ ጫማ፣ ለአንዱ ስልክ፣ ለሌላው የስልክ መሸፈኛ፣ ስሙ ለማይጠራ ዘመድ የፀጉር ማሳደጊያ። አየር መንገዱ የሚፈቅድላት ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ እሷም ሻንጣ የሚንጠለጠልበት ሚዛን ገዝታ ቤቷ ውስጥ ሰቅላለች አሉ። የኔን ትእዛዝ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት።

«ስንት ይመዝናል?» አለች።

ከሲሬ እስከ መርካቶ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ድምፄ ተለወጠ። «200 ግራም!» አልኳት። አይሲስ ዘንግ ሲገባ የድሮዎቹ ክንዶች ስለማይገጥሙ አብረው መቀየር እንዳለባቸው፣ ነገሩ ተደማምሮ ወደ ኪሎ እንደሚጠጋ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ዘንጉን ትልመደው።

አሁን የተያዝነው በልኩ ነው። «68 ነው ወይስ 73?» ብላ ጻፈች። ልጁ በትምህርት ቤት ማስመሪያ ለካና 70 አለ። 70 የጣሊያን ነው። ሳይክሉ የቻይና ነው፤ ጣሊያን ደግሞ ከዚህ አገር የወጣው በ1933 ነው። ማስመሪያውን ተቀብዬ ሳየው ዜሮው በጥርስ ተበልቷል፤ ከየት ጀምሮ እንደለካ ጠየቅኩት፣ «ከሚታየው» አለኝ። ሽማግሌው «ማስመሪያ ምን ያደርጋል፣ እኔ በእጄ አውቀዋለሁ» ብለው በጣታቸው ያዙትና «ያው የተለመደው ነው» አሉ፤ እሳቸውን አልቆጣ ነገር። በመጨረሻ ሳይክሉን ገፍተን ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድነው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፣ የሳይክሉን ሆድ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለካ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና «ስልሳ ዘጠኝ ተኩል» አለ። «ለማንኛውም ትንሽ ሰፋ ብሎ ይምጣ፤ ልጁ ገና ያድጋል።»